ሥዕሉ ያላሳየው ሐቅ
የፋሽን ሥዕልና የውብ ልብስ ሙያ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን



እናቶቻችን ከቀሚስ ሥር የሚለብሱትን ስስ ልብስ «ጁፖን» እንደሚሉት ታውቃላችሁ። ቃሉ የፈረንጅ ነው፤ ፈረንሳዮች ጉርድ ቀሚስን «ጁፕ» ይላሉ። ለመሆኑ ፈረንሳዮችስ ቃሉን ከየት አገኙት? ከዐረብኛው «ጁባ» ነው። አባቶቻችን ለጁሙዓ ሰላት የሚለብሱት የዚያ ሰፊ ልብስ ስም በጣልያንኛ በኩል አድርጎ ፓሪስ ገባ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ መልኩን ለውጦ ወደኛ ሰፈር ተመለሰ።

ይህ ብቻ አይደለም። «ታፍታ» የሚባለው ጨርቅ ስሙ ፋርስኛ ነው። «ደማስክ» የደማስቆን ስም ይዟል። እኛ ሻሽ የምንለውን ዓይነት ስስ የጥጥ ጨርቅ አውሮፓውያን «ሙስሊን» ያሉት በኢራቋ በሞሱል ከተማ ስም ነው። የአውሮፓን የልብስ ቃላት የመረመረ ሰው የሙስሊሙን ዓለም ከተሞች አንድ በአንድ ያገኛቸዋል። ምክንያቱም ጨርቁ የሄደው ስሙን ይዞ ነው። የሠሪው ስም ግን አብሮት አልሄደም።

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚሁ ነው። ዘመኑ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ፋሽን በሥዕል ታትሞ በየጊዜው መሸጥ የተስፋፋበት ዘመን ነውና ዛሬ በየቤታችን ለገባው ነገር መነሻውን እዚያ እናገኘዋለን።

በመዳብ ላይ የተቀረጸ ቀሚስ

በ1778 ኤስኖ እና ራፒዪ የተባሉ ሁለት የፓሪስ የሥዕል ነጋዴዎች «ጋለሪ ዴ ሞድ» የተሰኘ የልብስ ሥዕሎች ስብስብ ማሳተም ጀመሩ። ሥዕሎቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ በአንድ ጥራዝ ይወጡ ነበር። እስከ 1787 ድረስ ከ400 በላይ ሥዕሎች ታተሙ። በጊዜው የታወቁ ሠዓሊዎች ሠርተውላቸዋል፤ ደሬ፣ ለክሌር፣ ዋቶ እና ሴንት ኦባን ከእነርሱ መካከል ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሠዓሊው በመጀመሪያ ልብሱን በወረቀት ላይ ይስላል። ቀጥሎ ቀራጩ የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ያመጣና ሰም ባለበት ቅባት ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ ሥዕሉን በሹል መርፌ ይጭራል። ከዚያም አሲድ ያፈስበታል፤ አሲዱ ሰሙ የተጫረበትን መስመር ብቻ እየበላ መዳቡን ይሰረጉዳል። የቀረውን ረቂቅ መስመር ቀራጩ ስለታም ብረት ይዞ በእጁ ይጨርሰዋል። ሰሌዳው ቀለም ይቀባና ላዩ ይጠረጋል፤ ቀለሙ በተሰረጎደው መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያም እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በሁለት ከባድ ጥቅሎች መካከል ሲያልፍ ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። በሰሌዳው ላይ በግራ የተቀረጸው በወረቀቱ ላይ በቀኝ ስለሚወጣ ቀራጩ ሁሉንም ነገር ገልብጦ ማሰብ ነበረበት።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ወረቀቱ ገና ጥቁርና ነጭ ነው። ባለ ቀለም ሆኖ የሚሸጠው እያንዳንዱ ቅጂ በብሩሽ፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ ይቀባል። ከሥዕሉ ግርጌ ጨርቁ ምን እንደሆነ፣ ጌጡ ምን እንደሆነ፣ ለምን ሰዓት እንደሚለበስ ይጻፋል። በሩቅ ከተማ ያለ ልብስ ሰፊ ያንን አይቶ ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ይህን አገልግሎት የሚሰጡት ከፓሪስ ወደ ሌሎች ቤተ መንግሥታት የሚላኩ፣ አዲሱን ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ነበሩ። አሻንጉሊቷን የሚያያት ግን የቤተ መንግሥት ሰውና የሀብታም ልብስ ሰፊ ነው። ወረቀቱ የመካከለኛውን ሰው ቤት አንኳኳ።

በ1785 መገባደጃ ደግሞ «ካቢኔ ዴ ሞድ» የተባለ መጽሔት በፓሪስ ወጣ። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ስምንት ገጽ ጽሑፍና ባለ ቀለም ሥዕሎች ይዞ ይደርስ ነበር። እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ የሐር ቀሚስ ለመሸመን፣ ለመስፋትና ለመጥለፍ ብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። መጽሔቱ ግን በየአሥራ አምስት ቀኑ አዲስ ነገር ማሳየት አለበት፤ አለበለዚያ ማን ይገዛዋል? እንግዲህ ዓይን ከእጅ መፍጠን ጀመረ። ሰው የለበሰው ሳያረጅ ልቡ ማርጀት ጀመረ።

ኢስታንቡል እና የታሰረችው እንግዳ

ልብስን አሳምሮ መሣል የፓሪስ ብቻ አልነበረም። በኢስታንቡል በሱልጣን አሕመድ 3ኛ ዘመን ዐብዱል ጀሊል ሌቭኒ የተባለ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር፤ የሞተው በ1732 ነው። ሌቭኒ የወንዶችንና የሴቶችን ልብስ፣ የመቀነቱን አስተሳሰር፣ የእጅጌውን ገበርና የራስ መሸፈኛውን አጠማጠም ሳይቀር አጥርቶ ስሏል። የእርሱ ሥዕሎች ግን ለቤተ መንግሥት የተሠሩ እንጂ በየሱቁ የሚሸጡ አልነበሩም። በዚያው ከተማ የነበረው ቫን ሙር የተባለ ሠዓሊም በፈረንሳዩ አምባሳደር ትእዛዝ የኦቶማንን ሕዝብ አለባበስ ስሎ ነበር። ከእርሱ ሥራ የተቀረጹ አንድ መቶ ሥዕሎች በ1714 ፓሪስ ውስጥ በመጽሐፍ ወጡ። አውሮፓ የሙስሊሞችን ልብስ በብዛት ካየችባቸው መጻሕፍት አንዱ ያ ነው።

ከዚያ በኋላ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ቀሚሶቻቸውን «የቱርክ»፣ «የሱልጣና» እያሉ መሰየም ጀመሩ። ከፊት ለፊት የሚከፈተው መደረቢያና በረጅም እጅጌ ላይ የሚደረበው አጭር እጅጌ ከእውነተኛው የኦቶማን ልብስ ጥቂት ይመስላል። የቀረው ግን ስሙ ብቻ ነው። ስም ይሸጣልና።

በ1717 ኦቶማን አገር የመጣችው የእንግሊዙ አምባሳደር ሚስት ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ በደብዳቤዋ አንድ አስቂኝ ነገር አስፍራለች። ሶፊያ ከተማ ሐማም ገብታ ሴቶቹ ልብሷን እንድታወልቅ ይጋብዟታል። ሸሚዟን ከፍታ ከሥር የለበሰችውን ደረትና ወገብ ጠፍሮ የሚይዝ ኮርሴት ስታሳያቸው ደነገጡ። ይህንን ማሰሪያ ባሏ የቆለፈባትና በራሷ ልትፈታው የማትችለው መሰላቸው! ያ ኮርሴት ከዓሣ ነባሪ አፍ በሚወጣ ጠንካራ ነገር የተወጠረ ነበር። ስለ ሙስሊም ሴት አለባበስ «ታስራለች» የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር ይህቺን ታሪክ ብናስታውስ አይከፋም። ማን ማንን እንደታሰረ እንደሚያይ የሚወስነው የሚያየው ዓይን ነው።

ይሁን እንጂ ሐቁን እንናገር። ኢስታንቡልም ከፋሽን ጣጣ ነፃ አልነበረችም። በ1720ዎቹ መንግሥቱ የሴቶች ኮሌታ ከልክ በላይ ሰፋ፣ የራስ መሸፈኛው ቅጥ አጣ ብሎ ዐዋጅ እስከማውጣት ደርሷል። ለጌጥ መሻማት የአንድ ሕዝብ በሽታ አይደለም።

በመርፌና በመቀስ

አሁን ሥዕሉን ትተን ወደ ሠሪው እንሂድ። በ1769 ጋርሶ የተባለ ፈረንሳዊ የልብስ ሰፊዎችን ሙያ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። የዛሬው ባለ ቁጥር ሜትር ያኔ በልብስ ሰፊው አንገት ላይ አልነበረም። ልብስ ሰፊው ረጅም ቀጭን ወረቀት ይዞ የደንበኛውን ትከሻ፣ ደረትና ወገብ በእርሱ ይለካል፤ ልኩ በሚደርስበት ቦታ የወረቀቱን ጠርዝ በመቀስ ቆረጥ ያደርጋል። ያ ወረቀት የሰውዬው ልክ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሆንም። ልብስ ሰፊዎቹ ብርሃን ፍለጋ መስኮት አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ይሰፉ ነበር። የስፌት መኪና ገና አልተሠራምና እያንዳንዱ ስፌት የእጅ ነው።

በፓሪስ የሴቶችን ልብስ በሕግ የሚሰፉት ለረጅም ጊዜ ወንዶች ነበሩ። በ1675 ግን ሴት ልብስ ሰፊዎች የራሳቸው የሙያ ማኅበር እንዲኖራቸውና የሴቶችንና የልጆችን ልብስ እንዲሰፉ ተፈቀደላቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሴቶች በሴት እጅ መለካትን መምረጣቸው፣ ለጨዋነት የሚስማማውም ይኸው መሆኑ ነበር። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በጊዜው ትልቁ ወጪ የስፌቱ ዋጋ ሳይሆን የጨርቁ ነበር። ስለዚህ ብልህ ልብስ ሰፊ ሐሩን በመቀስ ከመቆራረጥ ይልቅ በሽንሽን ያሰፋዋል። ከትከሻ እስከ መሬት የሚወርደው የፈረንሳይ ቀሚስ የጀርባ ሽንሽን ለውበት ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ ቀሚሱ ተፈትቶ እንደገና ለሌላ ሰው ወይም ለሌላ ቅርጽ እንዲሰፋ ያመቻል። እዚህ ላይ ሙያው ከመጽሔቱ ይልቅ አስተዋይ ነበር።

ጥልፉን ብንመለከት፣ የንጉሡ የጥልፍ ንድፍ አውጪ ሻርል ዠርማን ደ ሴንት ኦባን በ1770 ስለ ጥልፍ ሙያ መጽሐፍ አሳትሟል። ጨርቅን እንደ ከበሮ በክብ ነገር ላይ ወጥሮ በትንሽ ቆላፋ መርፌ ሰንሰለት የሚመስል ጥልፍ መጥለፍ በዚያ ዘመን ከምሥራቅ ወደ ፈረንሳይ የገባ ሙያ ነው።

ሐሩ የሚሸመነው በሊዮን ከተማ ነበር። አበባ ያለበትን ሐር ለመሸመን አንድ ሸማኔ አይበቃም። ሸማኔው ማጉን ሲወረውር፣ አጠገቡ የቆመች ረዳት፣ ብዙ ጊዜም ልጃገረድ፣ ድሩን የሚያነሱትን ገመዶች በየተራ ትጎትታለች። አንድ ክር ከተሳሳተ አበባው ይበላሻል። ቀኑን ሙሉ ገመድ የሚጎትተው የዚያች ልጅ ክንድ በየትኛውም የፋሽን ሥዕል ላይ አልታየም። በ1786፣ መጽሔቱ በወጣ ማግስት ማለት ይቻላል፣ የሊዮን ሸማኔዎች ለአንድ ክንድ ጨርቅ ሁለት ሳንቲም ብቻ ይጨመርልን ብለው ተነሡ። ታሪክም «የሁለት ሱ ዐመፅ» ይለዋል። በኃይል ጸጥ አሰኟቸው።

ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1785፣ ለንግሥት ማሪ አንቷኔት ልብስ የወጣው ገንዘብ ወደ 258,000 ሊቭር ደርሶ ነበር፤ የተመደበላት ግን 120,000 ነው። ንግሥቲቱን ከሚያስጌጡት ዋነኛዋ ሮዝ ቤርታን ትባላለች። በአቤቪል ከተማ ከተራ ቤተሰብ ተወልዳ በጥረቷ ለዚያ የደረሰች ብልህ ነጋዴ ነበረች። የሱቋ ስም ማንን እንደሚያስታውስ ገምቱ። «ታላቁ ሙጋል» ይባላል፤ የሕንድን ሙስሊም ነገሥታት ማለቷ ነው። በፓሪስ እምብርት የቅንጦት ምልክቱ የሙጋሎች ስም ነበር። ይህም ወደ ቤንጋል ይወስደናል።

የተሸመነ አየር

በ1783 ንግሥቲቱ በነጭ ስስ ሻሽ ቀሚስ የተሣለችበት ሥዕል ለሕዝብ ታየ። ሕዝቡ ንግሥት በውስጥ ልብስ ተሣለች ብሎ ተቆጣ፤ ሥዕሉም ከኤግዚቢሽኑ ተነሣ። ፋሽኑ ግን ሊቆም አልቻለም። ነጭ ሻሽ አውሮፓን ያዘ። ከሻሽ ሁሉ ምርጡ የሚመጣው ዛሬ ባንግላዴሽ ከምትባለው አገር፣ ከዳካ ከተማ አካባቢ ነበር።

ያ ጨርቅ የሚሠራው በመግና ወንዝ ዳርቻ ከሚበቅል ልዩ ጥጥ ነው። ክሩ እጅግ ከመቅጠኑ የተነሣ አየሩ ሲደርቅ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ፈታዮቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ሆነው፣ ንጋት ላይ ጤዛው ሳይተን ይፈትሉ ነበር። ሸማኔዎቹ ሙስሊሞችም ሂንዱዎችም ነበሩ። ለጨርቆቻቸው የሰጧቸው የፋርስኛ ስሞች ውበታቸውን ይናገራሉ፦ «አቢ ረዋን» የሚፈስ ውኃ ማለት ነው፤ «ሸብነም» ጤዛ፣ «ባፍት ሐዋ» ደግሞ የተሸመነ አየር ማለት ነው። ምርጡ ለሙጋል ቤተ መንግሥት ይላክ ነበር። የሕንድ ጨርቅ በዘመኑ እኛም አገር ደርሷል፤ በ1769 ምጽዋ የወረደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከባሕር ማዶ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሱራትን ጨርቅ ጠቅሷል።

በ1757 በፕላሲ ጦርነት የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቤንጋልን በእጁ አስገባ። ከዚያ በኋላ ሸማኔው ዋጋ መደራደር አልቻለም። የኩባንያው ወኪል ቀብድ በግድ ያስይዘዋል፤ ዋጋውን ወኪሉ ራሱ ይቆርጣል፤ ለሌላ መሸጥ ክልክል ነው። በኩባንያው ውስጥ ያገለገለው ዊልያም ቦልትስ በ1772 ባሳተመው መጽሐፍ ሸማኔዎች ይቀጡ፣ ይታሰሩና ይገረፉ እንደነበር ጽፏል። ሐር ጠምጣሚዎች ከግዳጁ ለማምለጥ የገዛ አውራ ጣታቸውን እስከመቁረጥ መድረሳቸውንም ጠቅሷል። በ1770 ቤንጋልን ረኀብ መታት፤ ሚሊዮኖች አለቁ። በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ደግሞ የእንግሊዝ ፋብሪካ ርካሽ ጨርቅ መጣና ያ ረቂቅ ሙያ ከሰመ። ከዚያ ሙያ ቤተሰብ የሆነው የጃምዳኒ ሽመና ግን አልጠፋም፤ በ2013 ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል።

በፓሪሱ ሥዕል ላይ ያለችው ሴት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ፈገግ ብላ ቆማለች። ንጋት ላይ የተነሣችው ፈታይ፣ የተገረፈው ሸማኔ፣ ገመድ ጎታቿ ልጅ፣ ወረቀቱን በብሩሽ የቀባው እጅ በዚያ ውስጥ የሉም። ሥዕሉ የዋሸው ባሳየው አይደለም፤ ባላሳየው ነው።

ለእኛስ?

ውድ አንባቢያን! ኢስላም የውበት ጠላት አይደለም። ቁርአን በሱረቱል አዕራፍ ልብስ ኀፍረት የሚሸፈንበትና የሚጌጡበት የአላህ ጸጋ መሆኑን፣ ከልብስ ሁሉ ደግሞ የተቅዋ ልብስ እንደሚበልጥ ይነግረናል። አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን መውደዱ ኩራት እንዳይሆንበት ቢሰጋ፣ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ውበትን መውደድ ኩራት እንዳልሆነ፣ ኩራት ማለት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ መሆኑን አስተምረዋል። እርሳቸው የየመንን ባለ መስመር ኩታ ይወዱ ነበር። በጉዞ ላይ ሳሉም እጅጌው ጠባብ የሆነ የሻም ጁባ መልበሳቸው በሐዲስ ተዘግቧል፤ ውዱእ ሲያደርጉ እጅጌው ስለጠበበ እጃቸውን ከሥር አውጥተዋል። ሻም ያኔ የሮማውያን ግዛት ነበረች። ስለዚህ ልብስን ከሌላ ሕዝብ በመምጣቱ ብቻ እርም ማለት አይገባም።

የሚጠየቀው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ልብሱ ሊሸፍን የሚገባውን ይሸፍናል ወይ? ሁለተኛ፣ ማባከንና ለይዩልኝ መልበስ የለበትም ወይ? ሦስተኛውን ግን አብዛኞቻችን እንረሳዋለን፦ የሠሪው ሐቅ ተከፍሏል ወይ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጥ አዘዋል። ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ተቀብሎ ዋጋውን የከለከለ ሰው፣ በቂያማ ቀን ተከራካሪው አላህ ራሱ እንደሚሆን በሐዲሰል ቁድሲ ተነግሯል። ከዚህ የከበደ ማስጠንቀቂያ ከየት ይመጣል?

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአገራችን ጎንደርን በመሳሰሉ ከተሞች የሙስሊሙ መተዳደሪያ ንግድና ሽመና ነበር። ሆኖም «ሸማኔ» የሚለው ቃል ለስንት ዘመን መናቂያ ሆኖ ኖረ! ሸማውን በክብር ለብሶ ሸማኔውን ማንቋሸሽ፣ ያን የፓሪስ ሥዕል በራሳችን ቤት መሣል ነው። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ነቢዩ ኢድሪስም (ዐ.ሰ.) ልብስ ሰፊ እንደነበሩ በቀደምት ዑለማዎች ዘንድ ይወሳል፤ የኦቶማን ልብስ ሰፊዎችም የሙያቸው አባት አድርገው ያከብሯቸው ነበር። የእኛም ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ልብሳቸውን በእጃቸው ይሰፉ እንደነበር እመቤታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተናግረዋል። መርፌ የያዘን እጅ መናቅ የሚችል ሙስሊም ይህን ያላወቀ ብቻ ነው።

ዛሬ የፋሽን ሥዕል በየአሥራ አምስት ቀኑ መምጣቱን ትቶ በየደቂቃው በእጃችን ባለው ስልክ ይመጣል። ልጆቻችን ያያሉ፤ ይመኛሉ። መመኘታቸውን ብቻ ብንቆጣ አይሰሙንም። ይልቅስ አብረን ተቀምጠን እንጠይቃቸው፦ «ይህን ማን ፈተለው? ማን ሰፋው? ስንት ተከፈለው?» ዒድ ሲደርስ ልብስ ሰፊው ዘንድ በመጨረሻው ሳምንት ሄደን ሌሊቱን እንዲያድር አናስገድደው። ልብሱን ስንወስድ ቀሪውን «ከዒድ በኋላ» አንበል፤ እርሱም ዒድ አለበት፣ ልጆች አሉት። የጠበበውን እናስፋው፤ ያጠረውን ለታናሽ እናስተላልፈው፤ የተረፈውን ለሌለው እንስጥ። ለሠርግ ብሎ ተበድሮ መልበስ ይቅርብን። በሥዕል ታይቶ የተረሳ ልብስ ስንት ነው! የተከፈለ ሐቅ ግን አላህ ዘንድ አይረሳም።

አላህ (ሱ.ወ) የተቅዋን ልብስ ያልብሰን፤ የእጅ ባለሙያዎቻችንን ሪዝቅ ይባርክ፤ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከርሱ ፊት ከመቆም ይጠብቀን። አሚን።